የጋሽ በዳዳ ሦስት ገጽ

ጋሽ በዳዳ ማረፋቸውን የሰማሁት ሳሪስ፣ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ነው። ያውም ከተቀበሩ ሁለት ሳምንት ሊሞላቸው ሲል። ከፊቴ የቆመች ልጅ ዞር ዞር እያለች ስታየኝ ቆየችና «ቲቸር ሰናይት አይደለሽ? አቃቂ አስተምረሽኛል እኮ!» አለችኝ። ተሳሳምን። ስለ ሥራ፣ ስለ ቤት ኪራይ ስናወራ ቆይተን፣ እንደ ዋዛ «ጋሽ በዳዳም እንዲሁ ሄዱ» አለች።

«የት ሄዱ?»

«እንዴ፣ አልሰማሽም እንዴ? አረፉ እኮ!»

ክው ብዬ ቀረሁ። ታክሲው መጣ፣ ሰልፉ ተንቀሳቀሰ፣ ከኋላዬ ያሉት «እህት፣ ትገቢያለሽ አትገቢም?» እያሉ ይጮሃሉ። እኔ ግን በዚያ ሁሉ ሰው መሃል የምቆጣው ሰው ፍለጋ ላይ ነበርኩ። እንዴት አንድ ሰው አይደውልልኝም? ከአቃቂ ወደ ሳሪስ ትምህርት ቤት ስለቀየርኩ ሞቻለሁ? ታክሲውን ተውኩትና ዳር ወጥቼ፣ አንድ የተዘጋ ሱቅ ደጃፍ ላይ ተቀምጬ አለቀስኩ። ከዚያን ቀን ጀምሮ ስለ እሳቸው ለማን ልንገር እያልኩ ስብሰለሰል ከረምኩ። ካልጻፍኩት አይወጣልኝም።

ጋሽ በዳዳ አስተማሪ አልነበሩም። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው ዳይሬክተራችን በየስብሰባው ያነሱት ስለነበር ነው። ዲፕሎማ የላቸውም፤ ስምንተኛ ክፍልን የጨረሱም አይመስለኝም። ቃሊቲ ካለ ፋብሪካ፣ ከቶርኖ ማሽን ላይ፣ ጡረታ የወጡ ብረት ቀራጭ ናቸው። አባታቸው ያርሱት የነበረው መሬት ፋብሪካ ተሠራበት፤ እሳቸው ደግሞ እዚያው ፋብሪካ ውስጥ ሠላሳ ምናምን ዓመት ብረት ሲቀርጹ ኖሩ። «አባቴ ጤፍ ባበቀሉበት ላይ ቆሜ ብሎን አበቀልኩ» ይሉና ይስቃሉ። ሲስቁ ድምፅ የላቸውም፤ ትከሻቸው ብቻ ነው የሚነቃነቀው።

ወደ ትምህርት ቤታችን የመጡት ለአንድ ቀን፣ የተገነጠለ በር ሊጠግኑ ነበር። በሩን ጠገኑ። ሲወጡ በየክፍሉ ጥግ የተቆለለውን እግሩ የተሰበረ ዴስክ አዩ። በማግስቱ ማንም ሳይጠራቸው ቱታቸውን ለብሰው መጡ፤ ከዚያ ወዲያ አልሄዱም። ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ ያለውን የቆርቆሮ መጋዘን ለምነው ተቀበሉ፤ አንድ ፋብሪካ የጣለውን አሮጌ ቶርኖ በጋሪ አስጎትተው አመጡ፤ በሩ ላይ በነጭ ቀለም «የጥገና ክበብ» ብለው ጻፉ። ማክሰኞና ሐሙስ ከትምህርት በኋላ ልጆች ይገቡና አመድና ግራሶ መስለው ይወጣሉ።

የትምህርት ቤት ክበብ ምን እንደሆነ አስተማሪ የሆነ ሁሉ ያውቃል። የእንግሊዝኛ ክበብ ተጠሪ እኔ ነበርኩ። ሰብሳቢ አለው፣ ጸሐፊ አለው፣ ቃለ ጉባኤ አለው፤ ክበቡ ብቻ ነው የሌለው። ላም አለኝ በሰማይ ዓይነት ነገር። በዓመት አንዴ ከክፍለ ከተማ ሱፐርቫይዘር ሲመጣ ያገኘናቸውን ልጆች ሰብስበን ፎቶ እንነሳለን፤ ሪፖርት እንጽፋለን፤ አለቀ። ማን ይፈርድብናል? እኛ አገር ዩኒቨርሲቲ የሚያስገባው የፈተና ውጤት ነው። ከክፍል ውጭ ምን ስትሠራ ከረምክ ብሎ የሚጠይቅ የለም።

ጋሽ በዳዳ ግን ይጠይቃሉ። ክበቡ በየዓመቱ ሲከፈት አዲሶቹን ልጆች በግማሽ ክብ ያቆሙና ቀኝ እጃቸውን ያሳያሉ። ሁለቱ ጣቶች ከመሃል አንጓቸው ተቆርጠዋል።

«ይሄ የኔ ሰርተፍኬት ነው» ይላሉ።

አንዱ ደፋር «ማሽን ነው የቆረጠዎት?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም።

«ማሽን ሰው አይቆርጥም። ቸኩዬ ያስቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ከዚያ ሚስማር ላይ በሲባጎ የተንጠለጠለውን ደብተር ያሳያሉ። የጥፋት ደብተር ይሉታል። ዕቃ የሰበረ፣ ብረት ያበላሸ፣ ለክቶ የተሳሳተ፣ ምን እንዳጠፋና ለምን እንዳጠፋ በገዛ እጁ ጽፎ ይፈርማል። ከዚያ ለሌሎቹ ጮክ ብሎ ያነባል። የተጻፈ ጥፋት ላይ ቁጣ የለም፣ ቅጣት የለም። ሳይጽፉ አዲስ ሥራ መጀመር ግን አይቻልም። እሳቸውም ይጽፋሉ። አንድ ቀን ደብተሩን ስገልጥ በዚያ እንደ ሚስማር በቆመ የእጅ ጽሑፋቸው «ዛሬ ሞረድ ያለ እጀታ ለልጅ ሰጠሁ። መዳፏ ተጫረ። ጥፋቱ የኔ ነው። በዳዳ» የሚል አየሁ። እኔ በዚያው ሳምንት የአንድ ክፍል ፈተና አሳስቼ አርሜ፣ ልጆቹን «አትነዝንዙኝ» ብዬ አባርሬ ነበር። ደብተሩን ቶሎ ከደንኩት።

ዳይሬክተሩ ያን ደብተር አይወዱትም። «ጋሽ በዳዳ፣ ሱፐርቫይዘር ቢያየው ይሄ ትምህርት ቤት ዕቃ ሰባሪ ነው ይላል» አሏቸው።

«ዕቃ የማይሰበርበት ቤት ማንም የማይሠራበት ቤት ነው» አሉ እሳቸው፣ ቀና እንኳን ሳይሉ።

እንግዲህ ሐያት የገባችው እዚህ ቤት ነው። አባቷ አቶ ሸምሱ የስልጤ ሰው ናቸው፤ አቃቂ በሰቃ ሚስማር፣ ቆርቆሮ፣ ማጠፊያ የሚሸጡበት ሱቅ አላቸው። ሐያት ሱቅ ውስጥ ያደገች ልጅ ስለሆነች ብረት አያስፈራትም። ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ ማክሰኞና ሐሙስ ቀርታ አታውቅም። ሻርፗን ጥብቅ አድርጋ ታስርና ብረት መያዣው ሞርሳ ላይ ትሰየማለች። እልኸኛ ናት፤ ክፍል ውስጥ እንኳን እኔ ተሳስቼ እንደሆነ ካላሳየችኝ የማትቀመጥ ጉድ ናት።

አሥራ አንደኛ ክፍል እያለች አንድ ነገር ሆነ። ጋሽ በዳዳ ወራት ለምነው ያገኙት የግራይንደር ዲናሞ ነበር። ሐያት ብቻዋን ሆና፣ መጠየቅ አፍራ፣ ሽቦውን አሳስታ አገናኘችው። ጨሰ፣ ሸተተ፣ ሞተ። ደነገጠች። ጆንያ አልብሳው ወጣች። በማግስቱ ሜሮን የምትባል ልጅ፣ የክፍል ጓደኛዋ ናት፣ ምንም ሳታውቅ ማብሪያውን ስትነካ ጋሽ በዳዳ ደረሱ። ዲናሞው የተቃጠለው በእሷ እጅ መሰላቸው። እኚያ ቁጣ የማያውቁ ሰው ያን ቀን ምን ነካቸው? «እጅሽ የተረገመ ነው! ሁለተኛ እዚህ እንዳይደርስ!» ብለው ጮሁባት። ሜሮን እያለቀሰች ወጣች።

ሐያት ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን ልጆቹ ሁሉ ባሉበት ቆማ «ያቃጠልኩት እኔ ነኝ፤ የደበቅኩትም እኔ ነኝ» አለች። ያስገደዳት አልነበረም። ሜሮን ቤት ድረስ ሄዳም ይቅርታ ጠየቀች። ጋሽ በዳዳም ለሜሮን «በይ ነይ ተመለሺ» ብለው ላኩባት። አልተመለሰችም። ማንም ደግሞ ለምን ብሎ አልጠየቃትም።

ሐያት ከዚያ በኋላ ቃሊቲ ዲናሞ የሚጠቀልሉ ሰዎች ቤት ገባች። ቅዳሜ ቅዳሜ፣ ሦስት ወር ሙሉ። የመዳብ ሽቦውን እየጠቀለለች፣ እየፈታች፣ እየጠቀለለች። ዲናሞው ዞሮ የጮኸ ዕለት እኔ ክፍል ውስጥ ማጠናከሪያ አስተምር ነበር፤ ከመጸዳጃ ቤቱ ጀርባ የመጣው እልልታ ትምህርቴን አስቆመኝ።

አሥራ ሁለተኛ ክፍል ስትደርስ ሐያት ባሕር ማዶ ያለ አንድ ዩኒቨርሲቲ ለማመልከት ቆረጠች። የሚያመለክተው ከመላው ዓለም እንደ አሸዋ ነው፤ የሚቀበሉት ግን በጣት የሚቆጠር። ከተቀበሉ ደግሞ የትምህርቱንም የኑሮውንም ወጪ ሁሉ ይችላሉ። ቤቷ ውስጥ ጉባኤ ተቀመጠ። እናቷ «ሴት ልጅ ብቻዋን!» ብለው አንገራገሩ። አቶ ሸምሱ እንደምንም አግባቧቸው፤ ግን አንድ ጊዜ ብቻ እንድታመለክት። ዘንድሮ ካልሆነ ነገሩ ተዘጋ። ይሄን የነገረችኝ ሐያት ናት።

ቅጹ ውጤት ብቻ አይደለም የሚጠይቀው። ከክፍል ውጭ የሠራሻቸውን ነገሮች ጻፊ ይልና አሥር ባዶ መስመር ይሰጣል። ወይ አሥር መስመር! ያን ሰሞን አዲስ አበባ ውስጥ ለዚያ ቅጽ ሲባል ያልተቋቋመ ማኅበር የለም። ልጆች በአንድ ቅዳሜ ሳሙና አድለው፣ ፎቶ ተነስተው፣ «መሥራች» ይሆናሉ። ቅጽ አሞላል የሚያስተምር አንድ ቤት ደግሞ ሐያትን «የአካባቢ ጥበቃ ድርጅት መሥራች ነኝ በይ፤ ማን ያጣራል?» ብሏታል። እኔስ ብሆን? ልጅቷን ስለምወዳት «የእንግሊዝኛ ክበብ ፕሬዚዳንት ብለሽ ጻፊ፤ እኔ እፈርማለሁ» አልኳት። የሌለ ክበብ ፕሬዚዳንት! አሁን ሳስበው ራሴን መቆንጠጥ ያምረኛል።

ቅጹ ከክፍል ውጭ የሚያውቃት ሰው ደብዳቤ ይፈልግ ነበር። ሐያት ያለ አንዳች ማመንታት ጋሽ በዳዳ አለች። እሳቸው በአማርኛ ሊጽፉ፣ እኔ ልተረጉም፣ ተስማማን። ሁለት ሳምንት ፈጀባቸው። በመጨረሻ የማመልከቻው ቀን ሊያልቅ አራት ቀን ሲቀረው ከደብተር የተገነጠለ ሦስት ገጽ፣ ግራ ቀኙ ተጽፎበት፣ በላስቲክ ጠቅልለው ሰጡኝ።

አስተማሪዎች ክፍል ተቀምጬ አነበብኩት። እንዲህ ይላል፦

«ሐያትን ከዘጠነኛ ክፍል ጀምሮ አውቃታለሁ። ስትመጣ መዶሻ መያዝ አታውቅም ነበር። አሁን ታውቃለች። አራት የመቁረጫ ምላጭ ሰብራለች። አራተኛው የተሰበረው በኔ ጥፋት ነው።»

ቀጥሎ ዲናሞው። «ማቃጠሏ ምንም አይደለም። ደበቀችው። ሌላ ልጅ በሷ ጥፋት ስትወቀስ ሁለት ቀን ዝም አለች። በሦስተኛው ቀን በሁላችን ፊት ተናገረች። ከዚያ ጥቅለላ ተማረች። ሰባት ጊዜ ጠቅልላ ሰባት ጊዜ ፈታችው። በስምንተኛው ዞረ። ዛሬ አዲስ ልጅ ሲመጣ መጀመሪያ የምትነግረው ስለዚያ ዲናሞ ነው።» እንዲህ እያለ ይሄዳል። የመጨረሻው መስመር ስለ ሐያት አልነበረም። «ያለ ጥፋቷ የወቀስኳትን ልጅ ሐያት ይቅርታ ጠይቃታለች። እኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም። በዳዳ።»

አፌን በእጄ ያዝኩ። ሰው እንዴት የሚወዳትን ልጅ እንዲህ አድርጎ ይጽፋል? ያን ሁሉ አሸዋ የሚያበጥር ሰው «ደበቀችው» የሚለው ጋ ሲደርስ ወረቀቱን ወርውሮ ወደሚቀጥለው አይሄድም? አሰብኩ፣ አሰብኩና የራሴን ጻፍኩ። «ሐያት ታታሪ፣ ታዛዥ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላት፣ ለሌሎች አርአያ የሆነች ተማሪ ናት…» ግማሽ ገጽ፣ ጥርት ያለ እንግሊዝኛ። ኮራሁበት።

ሊፈርሙ ሲሉ ጋሽ በዳዳ «እስቲ መልሰሽ በአማርኛ አንብቢልኝ» አሉኝ። እኔ ብልጥ! የራሳቸውን ሦስት ገጽ ከሥር ይዤ እሱን ማንበብ ጀመርኩ። ትንሽ እንደሄድኩ እጃቸውን አነሱ።

«ሰናይት፣ እኔ የጻፍኩት ሦስት ገጽ ነው፤ ይሄ ግማሽ ነው። እንግሊዝኛ እንዲህ ያሳጥራል?»

ዕድሜ ልኩን ብረት ሲለካ የኖረ ሰው! ፊቴ ቲማቲም ሆነ። «ጋሼ፣ ለሷ ብዬ ነው እኮ…» ብዬ እውነቱን አወጣሁ። የጻፍኩትን ተርጉሜ አነበብኩላቸው። አልተቆጡም። በማግስቱ ከቤታቸው አንድ በመስታወት የተለበጠ ወረቀት ይዘው መጡ። የጡረታ ምስክር ወረቀታቸው ነው። «ታታሪ፣ ታዛዥ፣ መልካም ሥነ ምግባር ያላቸው፣ ለሌሎች አርአያ የሆኑ ሠራተኛ…» ይላል።

«ይሄው ወረቀት የዚያኑ ቀን ከኔ ጋር ጡረታ ለወጣ ሰውም ተሰጥቷል። ማሽን ረግጦ የማያውቅ፣ ከመጋዘን መዳብ እየሰረቀ የሚያወጣ ሰው። ቃል በቃል አንድ ነው። ታዲያ ሰጪዎቹ ከሁለታችን ማንን ነው የሚያውቁት?»

እኔ ግን አላርፍ አልኩ። ደሜ ፈልቶ በቀጥታ አቶ ሸምሱ ሱቅ ሄድኩና ሁሉን ዘረገፍኩላቸው። እሳት ለኩሼ መጣሁ ማለት ነው። እሳቸውም ሱቁን ጥለው፣ ሚዛኑ ላይ የነበረውን ሚስማር እንኳን ሳያነሱ፣ ከኔ ጋር መጡ።

መጋዘኑ ውስጥ ጋሽ በዳዳ ዴስክ ይበይዳሉ፣ ሐያት ትይዝላቸዋለች። አቶ ሸምሱ በር ላይ ቆመው ሰላምታ ሰጡና ወዲያው ገቡበት።

«ጋሽ በዳዳ፣ አከብርዎታለሁ። እኔ ግን ነጋዴ ነኝ። ሚስማር ስሸጥ የዛገውን ከላይ አላደርግም።»

ጋሽ በዳዳ መበየጃውን አስቀመጡ። «ልጅህ ሚስማር ናት?»

«ሚስማር አይደለችም! ለዚያ ነው የምጮኸው! ሌላ ዓመት የላትም እኮ። እናቷ እሺ ያለችው ለአንድ ጊዜ ነው። ይሄ ወረቀት ቢያስቀራትስ?»

«ሊያስቀራት ይችላል» አሉ ጋሽ በዳዳ።

እኔ «አያስቀራትም» እንዲሉ ነበር የጠበቅኩት። አቶ ሸምሱም እንደዚያው። ጋሽ በዳዳ ወደ ሐያት ዞሩ። «በይ ንገሪያቸው፣ ኢንተላ ኮ» አሏት። ሲሳሱላት በኦሮምኛ «ልጄ» የሚሏት እንዲህ ነው።

ሐያት ጓንቷን አወለቀች። «አባ፣ ከመጻፋቸው በፊት ጠይቀውኛል። አንዱን ቃል አውጣ ካልሽኝ አወጣለሁ ብለውኛል። ይጻፉት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«ለምን?»

«ይሄን ካወጣችሁት ስለኔ ምን ይቀራል? ታዛዥ ናት? ታዛዥማ ሆኜ አላውቅም።»

አቶ ሸምሱ ሳያስቡት ሳቁ። «እሱስ እውነት ነው፣ ወላሂ» አሉ። ከዚያ ሳቁ ጠፋና የተበየደው ዴስክ ላይ ቁጭ አሉ። ዴስኩ ገና ትኩስ ነበር፤ ዘለው ተነሱ። እንግዲህ እንዲያ ባለ ሰዓት እንኳን የሚያስቅ ነገር አይጠፋም። ሐያት ደግሞ ወደ እኔ ዞራ ቀስ ብላ፣ እንዳታሳፍረኝ ተጠንቅቃ፣ «ቲቸር፣ የእንግሊዝኛ ክበብ ፕሬዚዳንት የሚለውን አውጥቼዋለሁ። በሱ ቦታ አባቴ ሱቅ ሚስማር እመዝናለሁ ብያለሁ» አለችኝ። ውሃ ሆንኩ።

ሦስቱን ገጽ ቃል ሳላጎድል ተረጎምኩት። «እኔ እስከ ዛሬ አልጠየቅኳትም» የሚለው ላይ ስደርስ እጄ ቆመ። ይሄ ስለ ልጅቷ አይደለም፣ ይውጣ ብዬ ጠየቅኳቸው። «ስለ ሷ የማወራውን እንዲያምኑኝ እኔ ማን እንደሆንኩ ይወቁ» አሉ። ጻፍኩት። ከአሥሩ መስመር አራቱ ብቻ ተሞልተው ላክነው።

ከዚያ በኋላ ያለውን ወራት እንዴት እንዳለፍኩት እኔና ፈጣሪ ነን የምናውቀው። አቶ ሸምሱ መንገድ ላይ ሲያገኙኝ «እስካሁን የለም?» ይላሉ፤ «የለም» እላለሁ። መጋቢት ውስጥ አንድ ከሰዓት በኋላ ሐያት ኮምፒውተር ክፍል ጠራችኝ። ብቻዋን መክፈት ፈርታለች። ዓይኗን ጨፍና «አንቺ አንብቢው» አለችኝ። የመጀመሪያውን መስመር አነበብኩ። ደገምኩት። ከዚያ የጮኽኩትን ጩኸት ሰምተው የጥበቃው ሠራተኛ ሌባ የገባ መስሏቸው ዱላ ይዘው መጡ።

ተቀብለዋታል። ሙሉ በሙሉ።

ዳይሬክተሩ ያን ዕለት ክንፍ አወጡ። ባነር ይሠራ፣ ወላጅ ይጠራ፣ ሰኞ በሰንደቅ ዓላማ ሰልፍ ላይ ለጋሽ በዳዳ የምስጋና ሰርተፍኬት ይሰጥ አሉ። ላበስራቸው ወደ መጋዘኑ ሮጥኩ። ጋሽ በዳዳ ዜናውን ሲሰሙ ትከሻቸው ተነቃነቀ፤ ሳቅ ነው ስል እንባ ነበር። ቆየት ብለው ግን «እንግዲህ አሁን የሜሮንን ነገር መጨረስ እችላለሁ» አሉ።

«ምኑን? ጋሼ፣ ዓመት አለፈው እኮ። ደግሞስ ይቅርታ ልጠይቅ ካሉ ያን ጊዜ፣ ከደብዳቤው በፊት፣ ለምን አላደረጉትም?»

«ያን ጊዜ ባደርገው ቅጹ ላይ የሚጻፍ ነገር ይሆን ነበር። ለሐያት ብዬ ያደረግኩት ይሆን ነበር። ሜሮንን ሁለተኛ መበደል ነው። አሁን ለማንም ምንም አያስገኝም።»

ይሄን ሲሉ ሞረዳቸውን እየጠረጉ ነበር፤ ተራ ነገር እንደሚያወሩ። እኔ አሥራ ምናምን ዓመት ሥነ ምግባር ምንድን ነው እያልኩ ልጆች ፊት ስቆም ኖሬ፣ ያን ቀን ነው የገባኝ ብል አላጋነንኩም።

ሰኞ ጠዋት ተሰለፍን። ባነሩ ተሰቅሏል፣ አቶ ሸምሱ ሱፍ ለብሰው ከነባለቤታቸው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ባንዲራው ወጣ፣ መዝሙሩ አለቀ፣ ጋሽ በዳዳ የሉም። ዳይሬክተሩ ሰዓታቸውን ያያሉ። በኋላ በዋናው በር በኩል ጉምጉምታ ተሰማ። ዞር ስንል ጋሽ በዳዳ ነጭ ጋቢ አጣፍተው፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው፣ ትከሻቸው ላይ ድንጋይ ተሸክመው እየመጡ ነው።

ድንጋይ ተሸክሞ ይቅርታ መለመን የምናውቀው ነገር ነው። ግን ልጅ ነው ለአባቱ፣ ታናሽ ነው ለታላቁ የሚሸከመው። ሰባ ዓመት ሊሞላቸው የተቃረበ ሽማግሌ ለልጅ ሲሸከም ማን አይቶ ያውቃል? ከሰልፉ አንዳንዱ ሳቀ። ወዲያው ሳቁ ሞተ። ዳይሬክተሩ «ጋሽ በዳዳ! ኧረ ነውር ነው፣ ያውርዱት!» እያሉ ከመድረኩ ወረዱ። ጋሽ በዳዳ አልሰሟቸውም። በአሥራ ሁለተኛ ክፍሎች ሰልፍ ፊት እየቆጠሩ ሄደው ሜሮን ፊት ቆሙ፤ አጎነበሱ።

«ሜሮን» አሉ። ማይክ አልነበራቸውም፤ ግን እንዲያ ጸጥ ባለ ግቢ ማይክ ምን ያደርጋል። «እጅሽ የተረገመ ነው ብዬሽ ነበር። እጅሽ ምንም አላደረገም። እውነቱ ሲወጣም ተመለሺ አልኩሽ እንጂ አጥፍቻለሁ አላልኩሽም። ሽማግሌ ነኝ ብዬ ኮራሁ። ለማላውቀው ለሩቅ ሰው ጻፍኩት፣ ላንቺ ግን አልነገርኩሽም። ይቅር በይኝ።»

ሜሮን እጆቿን ወደ ድንጋዩ ዘረጋች። ከበዳት። ደረቷ ላይ አስደግፋ፣ እየተንገዳገደች፣ እንደምንም መሬት አስቀመጠችው። የጋሽ በዳዳ ትከሻ ላይ ጋቢው ተጨማዶ አፈር ለብሷል። እሷም አፈሩን በመዳፏ ታራግፍላቸው ጀመር፤ እያለቀሰች ታራግፋለች።

«ጋሽ፣ እንዴት ከባድ ነው» አለች። «ከየት ጀምሮ ነው የተሸከሙት?»

«ከቤቴ» አሉ።

ቤታቸው ከወንዙ ድልድይ ማዶ ነው። ከዚያ እስከ ትምህርት ቤታችን ገበያው አለ፣ አስፋልቱ አለ፣ የታክሲ ማቆሚያው አለ፣ ከልጅነታቸው ጀምሮ የሚያውቃቸው ሰው ሁሉ ደጃፉ ላይ አለ። ያን ሁሉ መንገድ፣ በዚያ ሁሉ ሰው ፊት፣ ባርኔጣቸውን አውልቀው መጥተዋል።